አጋላጭ ሁኔታ፦ የቡአ ቀዶ ሕክምና ውጤት የሚወሰንበት ቦታ

«አጋላጭ ሁኔታ» በሰው አካል፣ በአኗኗሩ ወይም በሚያገኘው ሕክምና ውስጥ የሚገኝና አንድ ሕመም ወይም ጉዳት የመድረሱን ዕድል ከፍ የሚያደርግ ማንኛውም ነገር ነው። ጽንሰ ሐሳቡ በሕክምናው ዓለም የገነነው በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ የልብ በሽታን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ1961 እ.ኤ.አ. የደም ግፊትንና የኮሌስትሮልን መጠን በዚሁ ስም ከጠሩ ወዲህ ነው። በአማርኛ የጤና ጽሑፎች ቃሉ አንዳንድ ጊዜ «መንስኤ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ይሁንና መንስኤ በሽታውን ያመጣው ነገር ሲሆን አጋላጭ ሁኔታ ግን ዕድሉን ብቻ የሚጨምር በመሆኑ ሁለቱን ማደባለቅ ሕመምተኛውን ያለጥፋቱ ሊያስወቅስ፣ ሐኪሙንም ሊታረም ከሚችለው ነገር ሊያዘናጋ ይችላል።

ይህ ልዩነት በግልጽ ከሚታይባቸው ሕመሞች አንዱ ቡአ ነው። ቡአ፣ በሕክምና አጠራሩ ሄርኒያ፣ የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ወይም በተከፈተበት ቦታ አንጀት ወይም የሆድ ውስጥ ስብ ገፍቶ ሲወጣ የሚፈጠር እብጠት ሲሆን፣ በብሽሽት፣ በእምብርት ወይም በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ይታያል። በብሽሽት የሚወጣው ከሁሉም የበዛ ነው፤ በሕይወት ዘመን ከ100 ወንዶች ወደ 27 የሚጠጉትን፣ ከ100 ሴቶች ደግሞ 3 ያህሉን ያገኛል ተብሎ ይገመታል። አጋላጭ ሁኔታዎቹም እንደ ቡአው ዓይነት ይለያያሉ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት በጠባሳ ላይ ለሚወጣው ቡአ ጠንካራ አጋላጭ ሆኖ ሳለ፣ የብሽሽት ቡአ ግን በቀጭን ሰዎች ላይ በዝቶ ተመዝግቧል። ስለዚህ «ለምን ያጋልጣል?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ አንድን ነገር አጋላጭ ማለት ትርጉም የለውም።

በጅግጅጋና በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ጥያቄው የአካባቢውን ኑሮ ይዞ ይመጣል። ጫት የሆድ ድርቀት እንደሚያስከትል በሚገባ የታወቀ ነው፤ የከረመ ድርቀትና በመጸዳዳት ጊዜ ማማጥ የሆድ ውስጥ ግፊትን ስለሚጨምሩ ቀዶ ሐኪሞች ከቡአ ጋር ደጋግመው ያነሷቸዋል። ከጫቱ ጋር የሚጨሰው ሲጋራ ግን ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል፤ ሲጋራ የቁስልን መዳን ያዘገያል፣ ለማመርቀዝ ይዳርጋል፣ ቡአው እንዲያገረሽም መንገድ ይከፍታል፤ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድሞ ማቆም ግን ጉዳቱን በግልጽ ይቀንሳል። ሳልን በተመለከተም፣ የሳንባ ነቀርሳ ሳይታወቅ በሕመምተኛው ላይ ካለ፣ የተሰፋውን ሆድ እያንዳንዱ የሳል ጉልበት ይጎትተዋል። በቶጎ ውጫሌ ድንበር ላይ ጭነት የሚያወርዱ ሠራተኞች ቡአውን በሸክሙ ማመካኘታቸው የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ስለ ከባድ ሸክም የተደረጉ ጥናቶች ግን እርስ በርስ አይስማሙም።

ሌላው የአጋላጭ ሁኔታ ወገን በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ያለ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ይፋ የሆነ ጥናት የሆድን መካከለኛ መቆረጫ በትናንሽና በተቀራረቡ ስፌቶች መዝጋት በአንድ ዓመት ውስጥ የሚወጣውን የጠባሳ ቡአ ከ21 በመቶ ወደ 13 በመቶ ዝቅ እንዳደረገው አሳይቷል፤ ይህም ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ማሻሻያ ነው። የሳሳውን ቦታ በመረብ ማጠናከርም ማገርሸትን ይቀንሳል፣ ነገር ግን የፋብሪካው መረብ ውድ ነው። በምሥራቅ ኡጋንዳ 302 ወንዶች የተሳተፉበትና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በትክክል ከጀርም የጸዳ ርካሽ የአጎበር ጨርቅ ከፋብሪካው መረብ ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳስገኘ፣ በአንድ ዓመት ውስጥም ማገርሸት የታየው በአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ አረጋግጧል።

ከሁሉ የሚከብደው አጋላጭ ሁኔታ ግን ጊዜ ነው። የወጣው አንጀት ተመልሶ መግባት ሲያቅተውና የደም ፍሰቱ ሲቋረጥ «የታነቀ ቡአ» ይባላል፤ በሰዓታት ውስጥ አንጀቱ ይሞታል፣ ሐኪሙም ቆርጦ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። የስዊድን ብሔራዊ የቡአ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በቀጠሮ ከሚደረግ የብሽሽት ቡአ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው የሞት መጠን ከተራው ሕዝብ አይበልጥም፤ በድንገተኛ ሲሆን ሞቱ 7 እጥፍ፣ አንጀት ሲቆረጥ ደግሞ 20 እጥፍ ይደርሳል። ምልክቱ ቀላል የሆነ ወንድ ቀዶ ሕክምናን አዘግይቶ በክትትል ሊቆይ እንደሚችል በሰሜን አሜሪካ ተካሂዶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቢያሳይም፣ ያ ምክር አምቡላንስና ሆስፒታል በቅርብ ላለው ሰው የተሰጠ ነው። በሲቲ ዞን ያለ አርብቶ አደር ድሬዳዋ ወደሚገኘው ድል ጮራ ሆስፒታል፣ በፋፈን ዞን ያለ ደግሞ ጅግጅጋ ወደሚገኙት ካራማራና ሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታሎች እስኪደርስ የሚያልፈው ሰዓት አንጀቱን ሊያሳጣው ይችላልና፣ በዚያ አገር ቡአን «ይቆይ» ማለት ከአዲስ አበባ ይልቅ እጅግ ከባድ ውሳኔ ነው። ኢትዮጵያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠኗ ይህን ርቀት ለማሳጠር ከተወሰዱ እርምጃዎች ውስጥ ተጠቃሽ ነው።

አጋላጭ ሁኔታ የሚለካው በ«ውጤት» ነው፤ ውጤት ደግሞ በሕይወት መትረፍ፣ የቁስል አለመመርቀዝ፣ የቡአው አለማገርሸትና ከወራት በኋላ የሚዘልቅ ሕመም አለመኖር ተደምረው የሚሰጡት ፍርድ ነው። የብሽሽት ቡአ ከታከመ በኋላ ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል ለወራት የሚቆይ ሕመም ሊኖረው ይችላል፤ የጠባሳ ቡአም ከዓመታት በኋላ ያገረሻል። ዝናብና ግጦሽ ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሕመምተኛ ለክትትል ሳይመለስ ከቀረ፣ በመዝገቡ ላይ «ድኖ ወጣ» የተባለው የሚገልጸው ከሆስፒታል የወጣበትን ዕለት ብቻ ይሆናል። በካርዱ ላይ እብጠቱ ከታየ ስንት ዓመት፣ መመለስ ካቃተውም ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣና በየትኛው የስልክ ቁጥር እንደሚገኝ ከሳሉና ከሲጋራው ጋር አብሮ ቢጻፍ፣ የአካባቢው ሐኪሞች ከስዊድን የተገኘ ቁጥር ሳይዋሱ የራሳቸውን ሕመምተኞች አጋላጭ ሁኔታዎች መመዘን ይችላሉ።