ነጭ ማርና እሽጉ፦ ሸማቹን የሚያሳምነውና የሚያሸሸው

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስትሆን፣ የትግራይ ነጭ ማር ከታወቁት የአገሪቱ የማር ዓይነቶች አንዱ ነው። በመቐለ ገበያ በተለይ የአጽቢ ወንበርታ ማር ስም አለው። ንቦች ክረምቱ ሲያልፍ ከሚያብቡት እንደ ተበብና ግርብያ ካሉ ዕፅዋት የሚያዘጋጁት ይህ ማር የመርጋት ጠባይ አለው። ማር የሚረጋው በውስጡ ያለው ግሉኮስ፣ በተለይ በቀዝቃዛ አየር፣ ወደ ጥቃቅን ቅንጣት ስለሚለወጥ ነው። ሂደቱ ተፈጥሯዊ ቢሆንም ብዙ ሸማቾች የረጋ ማር ሲያዩ «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ብለው ይጠረጥራሉ። ጥሩ እሽግ በቅድሚያ መመለስ ያለበትም ይህንኑ ጥርጣሬ ነው።

የመጀመሪያው መስፈርት በሥዕሉና በይዘቱ መካከል ያለው መጣጣም ነው። በእሽጉ ላይ ከማንኪያ የሚንጠባጠብ ወርቃማ ማር ተሥሎ ውስጡ ነጭና የረጋ ከሆነ፣ ሸማቹ የተታለለ ይመስለዋል። ጽሑፉ ዙሪያውን የሸፈነው ጠርሙስም የሚደብቀው ነገር ያለ ያስመስላል። ማሩን የሚያሳይ ብርጭቆ ከብዙ ጌጥ ይልቅ ያሳምናል።

ሁለተኛው አፉና ክዳኑ ነው። ማር እርጥበት ይስባል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በአብዛኛው ማር ውስጥ የሚኖረው ውኃ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚደነግግ ሲሆን፣ ውኃው ሲበዛ ማሩ ሊፈላ ይችላል። የሚያፈስ ክዳን ጠርሙሱን አጣብቂኝ ከማድረጉም በላይ ማሩን ያበላሻል። ያገለገለ ሃይላንድ ደግሞ አፉ ጠባብ ስለሆነ የረጋው ማር አይወጣለትም። ለነጭ ማር ማንኪያ የሚያስገባ ሰፊ አፍ ይመረጣል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 700 ግራም ገደማ ይይዛል። የተጣራው ክብደት ካልተጻፈ ሸማቹ በጠርሙስና በኪሎ የሚሸጠውን ዋጋ ማነጻጸር ይቸገራል።

ከዚህ በተጨማሪ ማሩ የተመረተበት ወረዳ፣ የተቆረጠበት ወርና ዓመት እንዲሁም የአምራቹ ስም ሊሰፍር ይገባል። «ማሩ መርጋቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ለማቅለጥ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡት እንጂ እሳት ላይ አይጣዱት» የሚል አጭር ማሳሰቢያም ብዙ ጥያቄ ይመልሳል።

ይሁንና እሽግ የተበረዘን ማር ንጹሕ አያደርግም፤ መርጋቱም ብቻውን የንጽሕና ማረጋገጫ አይደለም። አስተማማኙ መንገድ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ብዙ የትግራይ አናቢዎች ቀፎዎቻቸውን አጥተዋል። እንደገና ለሚጀምሩት የአካባቢያቸው ስም ዋነኛ ሀብታቸው ነው፤ በዚያ ስም የሚሸጥ አንድ የተበረዘ ጠርሙስ የሁሉንም ገበያ ይጎዳል። ስለዚህ በእሽጉ ላይ የሚጻፈው እያንዳንዱ ቃል ተጠያቂ የሚገኝለት መሆን አለበት።