ከወርቃማው ዘመን አጥር ውጪ፦ ማዲንጎ አፈወርቅና የሊማሊሞ ቅጥቅጥ

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ያለኝ ሙግት ከፍራንሲስ ፋልሴቶ ጋር ነው።

ፈረንሳዊው አጥኚ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ስብስቡ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ «ወርቃማ ዘመን» ብሎ ያጠረው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ጊዜ ነው። የአጥሩ ችካል ሸክላ ነው፤ በተለይም አምኃ እሸቴ ያሳተማቸው 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች። ከዚያ ወዲያ ያለው ትረካ የታወቀ ነው፦ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ካሴት ሸክላን ተካ፣ ኪቦርድ የትንፋሽ መሣሪያዎችን አስወጣ፣ ሙዚቃውም ወደቀ። ሰዓት እላፊውን ማንም አይክድም። ወደቀ የተባለው ግን ምኑ ነው? ቅንብሩ ከሆነ እስማማለሁ። የዘፋኙ ድምፅ ከሆነ ግን ማስረጃው ተቃራኒውን ይላል።

ሳክስፎንና ትራምፔት ባሉበት ባንድ ዘፋኙ ብቻውን አይቀርም፤ ስንኙን ሲጨርስ ክፍተቱን እነሱ ይሞሉለታል፣ ድካሙንም ይሸፍኑለታል። ኪቦርዱ ይህን አያደርግም። ከሥር ተነጥፎ ይቆያል እንጂ አይመልስም፤ ዘፋኙ ራቁቱን ይቀራል። የጎንደሩ ድምፃዊ ማዲንጎ አፈወርቅ አንጀት የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን ጨርሶም አናባቢውን አይለቅም፤ ከፍ ባለበት ያርገበግበዋል፣ ሊሰበር ሲል ይመልሰዋል። መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሲያርፍ ብዙ የተወራው ስለ አሟሟቱ ነበር፤ ስለዚህ አመላለስ ግን እምብዛም አልተባለም።

ድምፁ እንዲህ ጎልቶ እንዲወጣ ያደረገው፣ አጥኚዎች ችላ ያሉት ሌላ ምንጭ ካሴቱ የሚደመጥበት መኪና ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ሊማሊሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀየሰ ጠመዝማዛ ነው። ቅጥቅጡ አውቶቡስ በከባድ ማርሽ ሲያቃስት የሞተሩ ጩኸት ቤዙንና ከበሮውን ይውጣቸዋል፤ ከቴፑ ተርፎ የሚሰማው ከፍ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ረዳቱ ድምፁን ቢጨምርም የሚጎላው ዘፋኙ ነው። እንዲህ ላለው አድማጭ የቅንብሩ ድህነት ጉድለት አይደለም፤ ለነገሩ ፋልሴቶ ከሚያደንቀው ቅንብር ግማሹ እዚያ መታጠፊያ ላይ አይሰማም ነበር። ይህ ለጊዜው መላ ምት ነው፤ ሰፊ ጥናት ይሻል።

«ኢትዮፒክስ» በሁለተኛው ቅጹ የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹን የከተማ አዝማሪዎች አካቷል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን የገባው መሰንቆው ነው፣ የካሴቱ ዘፋኝ አሁንም ደጅ ነው። ነሐሴ 2005 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ናይሮቢ ያረፈውን ድምፃዊ እዮብ መኮንንንም የሚያነሳብኝ አይጠፋም፤ «እንደ ቃል» የተሰኘው አልበሙ የሬጌ ባንድ ይዞ ሳለ ልብ ይነካልና። ሬጌ ግን ከምቱ ይልቅ ዝምታው የሚበዛ ስልት ነው፤ እዮብም የሚሰማው በዚያ ክፍተት ውስጥ ስለሆነ ክርክሬን ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም።