ከቦሌ እስከ ሚኒያፖሊስ

እስቲ ጠጋ በሉና የአንዲት እናትን መንገድ ላውጋችሁ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልገኝም፤ በሚኒሶታዎቹ ከተሞች በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት የሚመጡት እናት ናቸው።

ከቦሌ ተነስቶ ሚኒያፖሊስ ሴንት ፖል የሚያርፍ ቀጥታ በረራ የለም። ቢኖር ኖሮ መንገዱ 12,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አውሮፕላኑ በሱዳንና በሊቢያ ሰማይ አልፎ፣ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ፣ በፈረንሳይ በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣና ከግሪንላንድ በስተደቡብ አድርጎ ካናዳ ይገባል። ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ጠማማ ይመስላል፤ ድቡልቡል በሆነችው ምድር ላይ ግን አቋራጩ ይኸው ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን አሥራ አራት ሰዓት አይሞላም።

እናታችን ግን የሚመጡት በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ በኩል ነው። በዚህ የሚጨመረው 680 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በመኪና ከአዲስ አበባ ጎንደር እንደ መሄድ ማለት ነው። ሰዓቱ ግን ሙሉ ቀን ይበላል። ለምን አትሉም?

ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚደገፍበትም ሞተሩ የሚስበውም ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውም ጭኖ ነዳጁንም ጢም አድርጎ መነሳት ይከብደዋል፤ ፊት ለፊት ደግሞ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ይጠብቀዋል። ወደ አሜሪካ ሲሄድ መሃል ላይ፣ አንዴ አውሮፓ አንዴ ምዕራብ አፍሪካ፣ የሚያርፈው ለዚህ ነው። ሲመለስ ግን ከዝቅተኛው ደለስ ተነስቶ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ፣ በ13 ሰዓት ገደማ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

እናንተዬ፣ እኔን ከበረራው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ደለስ ነው። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ ባረፈበት የአሜሪካ ከተማ ኢሚግሬሽን ይቀርባል፤ ሻንጣውንም ራሱ አንስቶ፣ በጉምሩክ አሳልፎ፣ እንደገና ያስረክባል። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ለአራሷ የተሰናዳው ሁሉ። ቋንቋ የለ፣ የሚያውቁት ፊት የለ። ልጆች ትኬት ሲቆርጡ ዊልቸር የሚያዙላቸው ወደው አይደለም። እናት ይቆጣሉ፤ «እግሬ ምን ሆነና!» ይላሉ። ከዊልቸሩ ጋር ግን ከሰልፉ እስከ ሻንጣው፣ ከሻንጣው እስከሚቀጥለው በር የሚያደርሳቸው ሰው አብሮ ይመጣል። ያ ሰው አማርኛ የሚናገር ሆኖ ሲገኝማ የእናት ምርቃት ማለቂያ የለውም!

ከደለስ ወዲህ የቀረው 1,460 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሚኒሶታ ሰዓት ከአዲስ አበባ በጥር ዘጠኝ፣ በሐምሌ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በጥር ከሆነ ብርዱ ከባድ ነውና አማች ወፍራም ካፖርት ይዞ ይጠብቅ።

እናንተ ትኬት የምትቆርጡ ልጆች ግን አደራችሁን፤ ዋጋው ረከሰ ብላችሁ የአንድ ሰዓት ተኩል ትራንዚት አትያዙላቸው። ሦስት አራት ሰዓት ተዉላቸው። ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት አድርጉት፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣቸው በሚቀጥለው የሚያሳፍራቸው አየር መንገዱ ይሆናል።