ልዩ ዐዋቂ ከየት ይመጣል?
የኑክሊየር ማመንጫ ፈቃድ ክርክሮች ታሪክና ለሙያችን የሚሰጡት ትምህርት

ከዐሥር ዓመት በፊት ገደማ በሳጉሬ ከተማ የቤተሰባችን ወዳጅ የሆኑ አንድ አዛውንት የወፍጮ ቤታቸው ግድግዳ ተሰነጠቀባቸው። ከአጥራቸው ሥር ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ይቆፈር ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛውም የስንጥቁን ምክንያት የሚያስረዳ ባለሙያ ይቅረብ ሲሉ አዘዙ። አዛውንቱ አሰላ ወጥተው መሐንዲሶችን በየተራ ጠየቁ። አንደኛው የሥራ ተቋራጩ ባልደረባ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው የግንባታውን ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ «ነገ ከነዚሁ ሰዎች ሥራ እፈልጋለሁ» አለ። በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙ ወዳልቆየሁት ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ሙያህን አውቃለሁ፤ አንተ ግን የማን ነህ?» አሉኝ።

በልማዳችን «የማን ነህ» ማለት ዘርና አባት መጠየቅ ነው። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ደመወዜን ማን እንደሚከፍል ነበር። አሠሪዬ ከዚያው ተቋራጭ ጋር ይሠራ ስለ ነበር መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። አልመሰከርኩም። ክርክሩ በሽማግሌ አለቀ፤ ግድግዳው ፈርሶ ተሠራ፤ የስንጥቁ ምክንያት ግን በየትኛውም መዝገብ ሳይጻፍ ቀረ።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ ኑክሊየር ኃይል ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይኸው ጥያቄ ነው። ስለ ማመንጫዎች አሠራር ብዙ ተጽፏል። በየአገሩ ፈቃድ ሲጠየቅና ሕዝብ ሲከራከር «አውቃለሁ፤ ደግሞም የማንም አይደለሁም» ብሎ የሚቆም ሰው ከየት እንደ ተገኘ ግን እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ.) ሲሆኑ፣ የአገራችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ያየና የሚያውቅ

በአገራችን የሙግት ወግ ምስክር ማለት ያየ፣ የሰማ፣ በቦታው የነበረ ሰው ነው። በአውጫጭኝ ሸንጎ አገሬው ተሰብስቦ የሚጠየቀው የሆነውን ነገር እንዲናገር ነበር። ዘመናዊው ሕጋችን ከዚህ ሌላ «ልዩ ዐዋቂ» የሚባለውን አስገብቷል። ልዩ ዐዋቂ አደጋው ሲደርስ በቦታው አልነበረም፤ የሚመሰክረው በዕውቀቱ ነው። የኑክሊየር ማመንጫ ፈቃድ ክርክር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የሚመሰከርበት ነገር ገና አልሆነም፤ ምናልባትም ከቶ አይሆንም። ስለዚህ ያየ ሰው ሊኖር አይችልም፤ ጉዳዩ ሁሉ በሚያውቀው ሰው ቃል ላይ ይወድቃል። የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ በአመልካቹ ወይም በፈቃድ ሰጪው ቤት የሚበሉ ከሆነ፣ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አልቋል ማለት ነው።

ምስክሩ በቤት ውስጥ ሲሆን፤ ፌርሚ

በአሜሪካ በ1954 የወጣው የአቶሚክ ኃይል ሕግ ለአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሁለት ሥራ ሰጠው፤ ኢንዱስትሪውን እንዲያስፋፋና ደኅንነቱን እንዲቆጣጠር። በ1956 አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ኅብረት በዲትሮይትና በቶሌዶ መካከል፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ፌርሚ የተባለውን ፈጣን ሪአክተር ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀ። የኮሚሽኑ የራሱ የደኅንነት አማካሪዎች ጉባኤ የቀረበው መረጃ በዚያ ቦታ ሪአክተሩ ያለ ሥጋት እንደሚሠራ ለማረጋገጥ አይበቃም ሲል በጽሑፍ አስታወቀ። ደብዳቤው ለሕዝብ አልወጣም። ከኮሚሽነሮቹ አንዱ ቶማስ መሪ ለምክር ቤት አባላት ነገሩን ባይገልጥ ኖሮ ምናልባት ተደብቆ ይቀር ነበር። የሆነ ሆኖ የግንባታው ፈቃድ በዚያው ዓመት ተሰጠ።

ተቃውሞውን ወደ ፍርድ ቤት ያቀረቡት የሠራተኛ ማኅበራት ነበሩ። በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ድምፅ ለ2 ፈረደባቸው። የመጨረሻው የደኅንነት ማረጋገጫ እስከ ሥራ ማስጀመሪያው ፈቃድ ድረስ ሊቆይ ይችላል ተባለ። በጥቅምት 1966 በዚሁ ሪአክተር ውስጥ አንድ የዚርኮኒየም ቁራጭ ብረት ተላቆ የማቀዝቀዣውን ፍሰት ዘጋ፤ ከፊሉ ነዳጅም ቀለጠ። በሕዝብ ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ከፌርሚ የምንማረው ዕውቀቱ አለመጥፋቱን ነው። ምስክሩ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ የጎደለው የምስክርነቱ ወረቀት ከመሳቢያ የሚወጣበት መንገድ ነበር። በ1957 ሕጉ ተሻሽሎ የአማካሪዎቹ ጉባኤ በሕግ ጸና፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ እንዲገለጥ፣ ክርክሩም በአደባባይ እንዲሰማ ታዘዘ።

ከተራራው የመጣ ምስክር፤ ቦዴጋ

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ልጆች ቅርብ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን፣ ቦዴጋ በተባለ የባሕር አፍንጫ ላይ፣ አንድ ታላቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ማመንጫ ለመሥራት ተነሣ። ቦታው ታዋቂው የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ አጠገብ ነው። በአካባቢው የነበሩት ተቃዋሚዎች በመጀመሪያ የሚያነሡት ስለ መልክዓ ምድሩ ውበትና ስለ ዓሣ ማስገሪያው ነበር። መሪያቸው ዴቪድ ፔሶነን ግን ነገሩን የሚወስነው መሬቱ መሆኑን ተረዳ፤ መሬቱን የሚያነብ ሰውም መፈለግ ጀመረ።

የተገኘው ፒየር ሴንት አማንድ ነበር። ይህ ሰው በ1960 ቺሊን ያናወጠውን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ያጠና ሊቅ ሲሆን፣ እንጀራው ከኤሌክትሪክ ኩባንያ አልነበረም። በ1963 ቦታውን ተመልክቶ ለማመንጫ መሠረት እንደማይሆን በጽሑፍ አስታወቀ። ቀጥሎም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቱዋርት ዩዳል የመንግሥቱን የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ላኩ፤ እነርሱም ለሪአክተሩ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ስንጥቅ አገኙ። በጥቅምት 1964 የኮሚሽኑ ሠራተኞች ቦታው አይሆንም አሉ፤ በዚያው ሰሞን ኩባንያው ማመልከቻውን አነሣ። ጉድጓዱ ዛሬ ውኃ ሞልቶት ኩሬ ሆኗል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የአማካሪዎቹ ጉባኤ በሌላ በኩል ቆሞ እንደ ነበር ነው፤ በምሕንድስና ጥበብ ችግሩ ይቻላል ብሎ ነበር። ሁለት የሊቃውንት ወገኖች ተለያዩ፤ መለያየታቸው ግን በጽሑፍ ታየ።

መስቀለኛ ጥያቄ፤ የማቀዝቀዣው ክርክር

ከጥር 1972 ጀምሮ የአሜሪካው ኮሚሽን የውኃ ሪአክተሮች ድንገተኛ ማቀዝቀዣ ይበቃ እንደ ሆነ ረጅም ጉባኤ አደረገ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ዋናው ቧንቧ ቢሰበር ውኃው ተንፎ ይወጣል፤ ነዳጁም ራሱ በሚያመነጨው ትርፍ ሙቀት እንዳይቀልጥ ሌላ ውኃ በፍጥነት መግባት አለበት። በአይዳሆ በትንሽ ሞዴል የተደረገው ሙከራ የገባው ውኃ ነዳጁን ሳይነካ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቶ ነበር።

ተቃዋሚዎቹን የረዱት ሄንሪ ኬንዳል የተባለ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የፊዚክስ ሊቅና ዳንኤል ፎርድ የተባለ ወጣት የኢኮኖሚክስ ምሁር ነበሩ። ሁለቱም የሪአክተር መሐንዲሶች አልነበሩም። ብልሃታቸውም በራሳቸው ምስክርነት ላይ ብቻ አልተመሠረተም፤ የኮሚሽኑን የራሱን ምሁራን በመስቀለኛ ጥያቄ አናገሩ። በዚህ ጊዜ በኦክ ሪጅ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ከነዚሁም ፊሊፕ ሪተንሃውስ፣ ጥርጣሬያቸውንና የባልደረቦቻቸውን ጥርጣሬ በአደባባይ ገለጡ። ቃሉ ከ20,000 ገጽ በላይ ሆኖ ተመዘገበ። በመጨረሻ የወጣው ደንብ የነዳጅ ዘንግ ሽፋን ሊደርስበት የሚፈቀደውን ከፍተኛ ሙቀት ከ1,260 ወደ 1,204 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አወረደው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለአንድ መሐንዲስ ግን ሃምሳ ስድስት ዲግሪ በክርክር የተገኘ የደኅንነት ኅዳግ ነው። በ1974 በወጣ ሕግም የማስፋፋቱና የመቆጣጠሩ ሥራ ለሁለት ተከፈለ።

ዋጋው

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። በየካቲት 1976 ዴል ብራይደንቦ፣ ሪቻርድ ሃባርድና ግሪጎሪ ማይነር የተባሉ ሦስት መሐንዲሶች ከጄኔራል ኤሌክትሪክ የኑክሊየር ክፍል በአንድ ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ለምክር ቤት ቃላቸውን ሰጡ፤ በኋላም የራሳቸውን አማካሪ ድርጅት መሥርተው በብዙ የፈቃድ ክርክሮች የባለሙያ ምስክር ሆኑ። ሦስቱ ስለ ማመንጫ ያወቁትን ያወቁት በዚያው ኢንዱስትሪ ውስጥ ኖረው ነው፤ ለመመስከር ግን ከእንጀራቸው መነሣት ነበረባቸው። ሕሊናን ከደመወዝ ጋር የሚያጋጭ ሥርዓት ጥቂት ጀግኖች ያገኛል፤ ብዙ ምስክሮች ግን አያገኝም።

በእንግሊዝ አገር ለሳይዝዌል ማመንጫ ከ1983 እስከ 1985 የተደረገው ምርመራ 340 ቀን ተሰማ። ሰብሳቢው ሰር ፍራንክ ሌይፊልድ የራሳቸው ረዳት ጠበብት ነበሯቸው፤ ተቃዋሚዎቹ ግን ለባለሙያ የሚከፍሉት ገንዘብ መንግሥት እንዲሰጣቸው ቢጠይቁ አልተፈቀደላቸውም። በአንድ ወገን የአመልካቹ ሙሉ ሠራዊት፣ በሌላው ወገን የቅዳሜና የእሑድ ፈቃደኞች ቆሙ።

የወይን ገበሬዎች ተቋም፤ ቪል

ለጥያቄው ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጡት ግን ገበሬዎች ናቸው። በምዕራብ ጀርመን፣ በራይን ወንዝ ዳር፣ ቪል በምትባል መንደር ማመንጫ ሊሠራ ሲታቀድ፣ የአካባቢው ወይን አትክልተኞች የማቀዝቀዣው ማማ ጉም ወይናቸውን እንዳይጎዳ ሠጉ። በየካቲት 1975 ቦታውን ያዙ። ነገሩ ወደ ፍራይቡርግ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሲሄድ ክርክሩ ስለ ወይን መሆኑ ቀርቶ ስለ ሪአክተሩ የግፊት ጋን ሆነ፤ ጋኑ ቢፈነዳ የሚያግደው መከላከያ የለም ተባለ። በመጋቢት 1977 ፍርድ ቤቱ የግንባታውን ፈቃድ ሻረው።

ተቃዋሚዎቹ ከዚህ ድል የቀሰሙት ትምህርት አስደናቂ ነው። በእያንዳንዱ ክርክር ሊቅ ፍለጋ ደጅ መጥናት እንደማያዋጣ አይተው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር በፍራይቡርግ ኤኮ ኢንስቲቱት የተባለውን ነጻ የምርምር ተቋም መሠረቱ። በ1982 የይግባኙ ፍርድ ቤት ለመንግሥትና ለኩባንያው ፈረደ፤ የቪል ማመንጫ ግን ከቶ አልተሠራም። ተቋሙም አልፈረሰም፤ ዛሬ የጀርመን መንግሥት ራሱ የሚያማክረው የጥናት ድርጅት ሆኗል። የተቃዋሚ ምስክር ሆኖ ተወልዶ የአገር ምስክር ሆነ።

ወደ አገር ቤት

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኑክሊየር ኃይል ከመጪዎቹ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ እንደሚሆን ተነገረ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የሥራ መርሐ ግብር ተፈረመ። ይህ ጽሑፍ ዕቅዱን ለመቃወምም ለመደገፍም አልተጻፈም። ማመንጫው የትም ይሠራ የት፣ አንድ ቀን አንድ ዳኛ ወይም አንድ ጉባኤ «ባለሙያ ይቅረብ» ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን ምን አለን?

ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ መሬታችንን ለአሥርት ዓመታት አዳምጧል። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን ነበሩ፤ ከዜና መዋዕል፣ ከመንገደኞች ማስታወሻና ከመሣሪያ የሰበሰቡትን በ1979 እ.አ.አ. በታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው አቀረቡ። መነሻው በሐይቆቹ ሸለቆ አካባቢ እንደሆነ የሚገመተው የነሐሴ 1898 ዓ.ም. መንቀጥቀጥ፣ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬው፣ በ1961 ዓ.ም. የሰርዶው፣ ሁሉም በዚያ ይገኛሉ። እዚህ ላይ ያየውና የሚያውቀው ተገናኙ፤ ያዩት ጸሐፊዎች ቃል በሚያውቀው ሰው እጅ ማስረጃ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፋን መሬት ሲናወጥና ሕዝብ ከቀዬው ሲነሣ ይህ ዕውቀት የቅንጦት እንዳልሆነ ሁላችንም ተረድተናል።

ከአርሲም የምንጠቅሰው አለን። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ የሥራውን ውጤት የሚገመግም የራሱ ክፍል ነበረው። ትራክተር ሲስፋፋ ጭሰኛው ከመሬቱ መነቀሉን ከዘገቡት ጽሑፎች መካከል የድርጅቱ የራሱ ጥናቶች ይገኛሉ። የራሱን ጉድለት በራሱ ማኅተም ያተመ መሥሪያ ቤት በዚህችው ደጋ ላይ ነበረ ማለት ነው።

ሕጋችንም በሩን አልዘጋም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፍርድ ቤት አጣሪ እንዲሾም ይፈቅዳል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብ ያዝዛል። የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣንም ገና በ1986 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ የጎደለው የሚገባበት ሰው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለፍርድ ቤትና ለሕዝብ ጉባኤ ቃል ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ዝርዝር ከነሙያቸው ይዘጋጅ፤ እያንዳንዱም ከማን ጋር እንደሚሠራ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አቅም የሌለው ተከራካሪ ባለሙያ ሲፈልግ ወጪውን የሚሸፍን ጥቂት ገንዘብ ከመዋጮው ይመደብ። ሦስተኛ፣ በሙያው የመሰከረ አባል ከሥራው ሲፈናቀል ማኅበሩ ከጎኑ እንዲቆም በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ። ሦስቱም ከሪአክተር በፊት፣ ለወፍጮ ቤት ግድግዳም ያገለግላሉ።

እኒያ የሳጉሬ አዛውንት ዛሬ በሕይወት የሉም። ባለፈው ክረምት በወፍጮ ቤቱ በኩል ሳልፍ አዲሱ ግድግዳ በጥሩ ሁኔታ ቆሞ አየሁ። ጥያቄያቸው ግን አልተመለሰም። ከእንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «የማን ነህ?» ቢለኝ «የሙያዬ ነኝ፤ ማኅበሬም ከጎኔ አለ» ለማለት እንድችል እመኛለሁ። ይህን መልስ ለብቻዬ ልሰጠው አልችልም።