ቃሬዛው ባዶውን ሲመለስ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛን የሚቀበሉት ጭጋግና ቆሎ ሻጮች ናቸው። ከዚያ በታች ገብሱ ለማሽላ፣ ማሽላው ለማሾ ቦታ እየለቀቀ፣ ብርዱም ለወባ እየለቀቀ፣ መንገዱ ሸዋ ሮቢት ይገባል። በዚህ መንገድ ዳር አንድ ሁለት ጠዋት ያሳለፈ ሰው ቃሬዛ ማየቱ አይቀርም። ሁለት ረጃጅም አጠና፣ በመሀላቸው የተጠላለፈ ጠፍር፣ ላዩ ላይ በጋቢ የተሸፈነ ሰው። አራት ጎረምሶች ተሸክመዋል፤ ሌሎች አራት ከኋላ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ሬሳ ብቻ አይደለም የሚሸከመው፤ በሽተኛም ይሸከማል። ተጠርቶ የቀረ ይቀጣል።

ስለዚህ ስለ ሆስፒታል ውለታ ሲወራ ሒሳቡ ከቃሬዛው ይጀምር ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሰጠው ሕዝቡ ነው። የተቀበለው ምን መለሰ?

ያለ ትርፍ የሚሠራ ሕክምና ለዚህ ለይፋት አካባቢም ሆነ ለአገሩ አዲስ አይደለም። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን የምርምር ጣቢያ እንዲሆን ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰጡ። ኋላ ጣቢያውን የመራው ዶክተር ትራቨርሲ ሐኪምም የጣሊያን መንግሥት ጉዳይ አስፈጻሚም ነበር፤ መድኃኒቱና ፖለቲካው በአንድ ሻንጣ ተጓዙ ማለት ይቻላል። ዛሬ ቦታው የሚታወቀው በመስራቹ በአንቲኖሪ መቃብር ነው። በዓድዋ ማግስት፣ በ1896 እ.ኤ.አ.፣ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኞችን በነጻ አከመ። ደሴ ላይ ደግሞ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ነበራቸው፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ቦምቡ እሱንም አላለፈውም። አዲስ አበባ ያለው ዘውዲቱ ሆስፒታልም የእነሱ ነበር፣ ደርግ እስኪወርሰው ድረስ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ በሽተኛው ግን ያው የድሮው ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልቤ የሚያርፈው ግን በአንድ ቦታ ነው። የኒው ዚላንድ ተወላጁ ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና አውስትራሊያዊት ባለቤታቸው ካትሪን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጡት ለአጭር ጊዜ፣ አዋላጆችን ለማስተማር ነበር። ከፊታቸው የተደረደሩት ግን ቀናት በፈጀ ምጥ ልጃቸውን አጥተው ሽንት የሚያመልጣቸው፣ ከቤትም ከገበያም የተገለሉ ሴቶች ሆኑ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ሕክምናው በነጻ ነው፤ የዳነች ሴት አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይዛ ትሄዳለች። ቀሚሱን ትንሽ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ያቺ ሴት አገሯን የለቀቀችበትን ልብስ ያላሰበ ነው።

ካከሟቸው መካከል አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ አልጋ ከማንጠፍ ተነሥታ በሽተኛን መያዝ፣ ቀጥሎም መስፋት ተማረች። በ1989 እ.ኤ.አ. ከሃምሊኖች ጋር የለንደኑን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። በ2007 የተከፈተው የሃምሊን አዋላጆች ኮሌጅም ልጃገረዶችን ከገጠር ወስዶ አሠልጥኖ ወደ መጡበት አካባቢ ይልካል። ካትሪን በ2020 ሲያርፉ 96 ዓመታቸው ነበር። ሆስፒታሉ ግን አለ።

በአሜሪካ ሆስፒታል ለሕዝቡ የሚመልሰው ውለታ የግብር ጉዳይ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ግብር አይከፍልም፤ በምትኩ ከ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የጤና ሕግ ወዲህ በየሦስት ዓመቱ የአካባቢውን የጤና ችግር አጥንቶ ይፋ ማድረግ አለበት። የእኛ አገር የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ተጠያቂነቱ ብዙ ጊዜ ለለጋሹ ነው፤ ለለጋሹ ፎቶና ሪፖርት ይላካል፣ ለቃሬዛ ተሸካሚው ግን ማን ሪፖርት ይጽፋል? ቀድሞ ሕንፃ ሠርቶ ማስረከብ ዋናው ውለታ ይመስል ነበር። በእኛው በሰሜን ሸዋ ዞን፣ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ የካርልሃይንዝ ቦም ድርጅት፣ ሰዎች ለሰዎች፣ ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ። ሕንፃው ትልቅ ነገር ነው፤ ከሕንፃው በኋላ ግን ደመወዝ፣ መድኃኒትና ጄኔሬተር በየወሩ ይጠይቃሉ።

የመንግሥቱ ሆስፒታልም ቢሆን ያለ ሕዝቡ መዋጮ አይሄድም። በ2011 እ.ኤ.አ. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬም ከእነዚህ አንዷ ነበረች፣ አሠራሩ ለቅሬ አባል ባዳ አይደለም። ሳይታመሙ ማዋጣት ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ሲደርስ ግን በአማራ ክልል ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን የያዘ ገበሬ መድኃኒት የሌለው መደርደሪያ ጠበቀው።

ሆስፒታል ከግቢው ወጥቶ ምን ሊመልስ እንደሚችል ያሳየኝ አጣጥ ነው። ጉራጌ ውስጥ ያለው ይህ የካቶሊክ ሆስፒታል በ1969 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ምንጭ ወደ ማጎልበትና በሽታን ወደ መከላከል ገባ። ቀጥሎም አስጊነታቸው አስቀድሞ የታወቀ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይመጣ ቀድመው መጥተው የሚቆዩበትን ቤት አዘጋጀ። ከ1987 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከወለዱት 24,148 እናቶች 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ናቸው። በማቆያው ካለፉት በ100,000 90 ያህል ሞቱ፤ ካላለፉት ግን 1,333። ሞቶ የሚወለደው ሕፃንም ከ1,000 በማቆያው ወገን 18፣ በሌላው 191 ነበር። እርግጥ ከቤት በቃሬዛ የሚመጡት ቀድሞውኑ ምጥ የጸናባቸው ናቸው፤ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ እኩል አይደለም። ልዩነቱ ግን የሚናቅ አይደለም።

ዛሬ የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያ አለ። ከቆላው የመጣች እናት ዱቄቷንና ቡናዋን ይዛ ትገባለች፤ እዚያው ገንፎ ይገነፋል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ እግሯን ዘርግታ ከሌሎቹ ጋር ታወጋለች። ቃሬዛው ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።