የባቡር መረጃ ሰሌዳ

የባቡር መረጃ ሰሌዳ በከተማ ባቡር ፊትና ውስጥ ተገጥሞ መድረሻንና ቀጣዩን ጣቢያ በጽሑፍ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው።

አሠራር

የባቡሩ ኮምፒውተር የጣቢያዎችን ዝርዝር በቅደም ተከተል ይይዛል። ባቡሩ የደረሰበትን ቦታ እንደየሥርዓቱ የመንኮራኩሩን ዙር በመቁጠር፣ በጂፒኤስ ወይም ሐዲድ ላይ ከተተከሉ ምልክት ሰጪዎች ይለያል።

ብልሽት

አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች ሲጠፉ ፊደል ይጎድላል፤ ይህ ግን ወዲያው ይታያል። ይበልጥ የሚያሳስተው ሰሌዳው በደንብ እየበራ የተሳሳተ ስም ሲያሳይ ነው። አንድ ጣቢያ ከቆጠራ ከተዘለለ ወይም የመስመሩ ኮድ በስህተት ከገባ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ስሞች ሁሉ ይዛባሉ። የድምፅ ማስታወቂያ የማይሰሙ መስማት የተሳናቸው ተሳፋሪዎች በይበልጥ ይቸገራሉ።

በአዲስ አበባ

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፦ ከአያት ጦር ኃይሎች እና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ ሐዲድ ይጋራሉ። ስለዚህ ከሜክሲኮ ተነስቶ በሲኤምሲ በኩል ወደ ሳሊተ ምሕረት ለሚሄድ ሰው የአያትም የቃሊቲም ባቡር በአንድ መቆሚያ ይመጣል። የፊት ሰሌዳው ከተሳሳተ፣ ተሳፋሪው ስህተቱን የሚያውቀው ባቡሩ ከስታዲየም በኋላ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ሊሆን ይችላል። የመስመሮቹ መለያ ቀለሞች፣ ለአያት አረንጓዴ፣ ለቃሊቲ ሰማያዊ፣ ኤሌክትሪክ የማያስፈልጋቸው ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው።