ከአንዳሉዥያ እርሻ የተላኩ ደብዳቤዎች

አሜሪካዊቷ ደራሲ ፍላነሪ ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ1925 በጆርጅያ ግዛት፣ በሳቫና ከተማ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደች። አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት በሆነበት በዚያ የደቡብ ምድር፣ ካቶሊክ መሆን ከጎረቤት መለየት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት አባቷ ሉፐስ በተባለ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አካሉ ላይ በሚነሣበት ደዌ ሞቱ። በ1950 መጨረሻ ያው ደዌ በእርሷ ላይ ታየ።

በሰሜን የጀመረችውን ኑሮ ትታ፣ በሚሌጅቪል አጠገብ ወደሚገኘው የእናቷ እርሻ፣ ወደ አንዳሉዥያ ተመለሰች። ከ1955 ጀምሮም በምርኩዝ መሄድ ግድ ሆነባት። ጠዋት ጠዋት ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ ከቤት መራቅ ለማትችለው ለእርሷ ደብዳቤ የዓለም መገናኛ በር ነበር።

በ1956 አባ ጄምስ ማካውን የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ድርሰቶቿን ወድደው ሊጠይቋት መጡ። ብዙ ካቶሊክ አንባቢዎች በታሪኮቿ ጨካኝነት ቅር ይሰኙ ስለነበር፣ ሥራዋን አንብቦ የሚወድ ካህን ማግኘቷ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚህ የጀመረው ወዳጅነት በደብዳቤ ቀጠለ።

ከጠየቀቻቸው ጉዳዮች አንዱ ልብ ይነካል። በከተማዋ የተቋቋመ የንባብ ቡድን የዢድንና የሳርትርን ሥራዎች ሊያነብ አሰበ። የሁለቱም ድርሰቶች በቤተ ክርስቲያኗ የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። በጽሑፏ ማንንም የማትፈራው ሴት፣ ለማንበብ ፈቃድ ይገኝ እንደሆነ ካህኑን ጠየቀች። ጥያቄዋ ከድፍረት ማጣት የመጣ አልነበረም። ዶግማ የደራሲን ዓይን እንደማይጋርድ፣ ይልቁንም ምሥጢርን እንደሚጠብቅ ታምን ነበርና፣ መታዘዝና ማሰብ በእርሷ ዘንድ አልተጣሉም።

በ1958 ወደ ሉርድ በተጓዘች ጊዜም የጸለየችው ስለታመመው አጥንቷ ሳይሆን ስለጀመረችው ልብ ወለድ እንደሆነ ኋላ ለወዳጆቿ ነግራለች።

ነሐሴ 3 ቀን 1964 እ.ኤ.አ.፣ በ39 ዓመቷ አረፈች። ክልከላው ዝርዝር ከሁለት ዓመት በኋላ ተሻረ። ደብዳቤዎቿ በ1979 በመጽሐፍ ታትመው ብዙ አንባቢ አገኙ። ይሁን እንጂ ለሌሎች ወዳጆቿ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ስለጥቁሮች የሰነዘረቻቸው የንቀት ቃላት ብርቱ ክርክር አስነሥተዋል፤ በ2020 በሜሪላንድ የሚገኘው የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ስሟን ከተማሪዎች መኖሪያ ሕንጻ ላይ አንሥቷል። ለካህኑ የጻፈችው እጅና ያን ቃል የጻፈው እጅ አንድ ነው፤ አንባቢዋም ሁለቱን አብሮ ማንበብ ይኖርበታል።